የኔ አይደለም ያሉት ውኃ

ጥቅምት 6

እትዬ፣

መጀመሪያ ደህና ነኝ። ይህን ሳታገኚ ወደሚቀጥለው መስመር እንደማታልፊ ስለማውቅ ነው ከፊት ያስቀመጥኩት። እበላለሁ፤ እተኛለሁ። ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ረዝሟል። አሁንም እያደግሁ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ መሰለኝ፤ ፀጉሬ ከፊት እየሸሸ መሆኑን ግን ጽፌልሽ ነበር። አመሰግናለሁ። ቢሮው ይቀዘቅዛል፣ እጅጌውን አጥፌ እለብሰዋለሁ።

ሰው ሲጠይቅሽ እንዲህ በያቸው። መንግሥት ለባሕሩ እቅድ እያወጣ ነው፤ መርከብ የት ይለፍ፣ መረብ የት ይጣል፣ የትኛው ውኃ ዓሣው እንዲራባበት ይከለል የሚል። ጥልቀቱን የሚለኩ አሉ። ዓሣውን የሚያጠኑ አሉ። እኔ የሰውን እይዛለሁ። ማን ከየትኛው ዳርቻ ይወጣል፣ የት ይጥላል፣ ቦታው ቢዘጋ ማን ጦሙን ያድራል። ባለፈው ክረምት የቢሯችን ልጆች ታብሌት ይዘው ወደ እናንተም መጥተው ነበር። ዓሣ አጥማጁ ካርታው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹ ሲበዙ ቀለም ይሆናሉ። ቀለሙ የደመቀበትን አንነካም። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ድምፁ የማይሰማ ሰው እንዲሰማ ነው፤ በስብሰባ ላይ እንዲህ እላለሁ። ስናገር ግን የራሴን ድምፅ ከሩቅ ነው የምሰማው፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደ ተከፈተ ሬዲዮ።

አሁን ደስ የሚል ወሬ። በናንተ ዳርቻ የሚከለል ቦታ ተገኘ፤ ማንንም የማይጎዳ። ጥጉ። ከጉብታው ድንጋይ ጀርባ ያለው፣ ውኃው ሁልጊዜ የተኛው። አንድ ነጥብ እንኳ አላረፈበትም። የዓሣ ባለሙያዎቹም ለመራቢያ የሚመች ነው ይላሉ። አለቃዬ አይታ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ!» አለችኝ። ምስጋና ከአፏ ቶሎ የሚወጣ ሴት አይደለችም። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ ጀልባ ማየቴ ትዝ አይለኝም። አንቺስ?

ያሳደግሽኝ ለዚህ ቀን ነው ብዬ ነበር ወደ ቤት ስመለስ።

ያንቺው

&nbsp;

ጥቅምት 19

ወንድሜ፣ ኩታራው፣

እንኳን ደስ አለህ። አለቃህንም እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፤ ልጅን ማመስገን ለእናትም ለእህትም ምሳ ነው።

ጣሪያው አያፈስም። ጉልበቴ ተሽሎታል። ተሽሎታል ስልህ እመነኝ፤ በየደብዳቤው «ሐኪም ቤት ሂጂ» እያልክ ወረቀት አትጨርስ። መረብ መጠገኑ አለ። ከነፋሱ ወዲህ ሰው ሁሉ የተቀደደ ተሸክሞ ይመጣል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያ ጎርናናው፣ ትናንት አንድ ጉድ አምጥቶ ጣለብኝ። መረብ አይደለም፣ ቀዳዳ ነው፤ ዙሪያውን ክር ቀርቶታል። «ሊቀመንበር ሆነህ በዚህ ታጠምዳለህ?» ብለው «ዓሣው ያዝንልኛል» አለኝ። ድምፁ ያው ዘይት ያልነካው ማጠፊያ ነው።

ጥጉን በተመለከተ የማውቀው የለም። ባዶ ነው ካሉ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ለወሬ ያህል። ሲከለል ለሞተር ጀልባ ነው ወይስ በእጅ የሚቀዘፍም አይገባም? መንጠቆ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰውስ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ሰው ጠይቆኝ ነው።

ሹራቡን ሙቅ ውኃ አታስነካው።

እህትህ

&nbsp;

ኅዳር 8

ወንድሜ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰዋል። ሁለተኛውን ከፈትኩት፣ አጠፍኩት፣ ከዱቄቱ ዕቃ ሥር አስቀምጬ ሰነበትኩ። ሲዘገይብህ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

«ጥጉ የምትሄጂው አንቺ ነሽ?» ላልከኝ መልሱ አዎ ነው። እኔ ነኝ። ያን ጊዜም፣ አሁንም።

ባሌ ከነጀልባው የቀረ ጊዜ አንተ ገና የወተት ጥርስህ እየወለቀ ነበር። ለቅሶው አለቀ፤ ሰው ወደየቤቱ ገባ። አንድ ቀን በሩን ስከፍት አንዲት አሮጌ የቀዘፋ ጀልባ ደጃችን ላይ ተገልብጣ አገኘሁ። ማን እንዳመጣት ዛሬም አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጉ ቅርብ ነው፣ ማዕበል አይገባበትም፣ ሴት ብቻዋን ቀዝፋ ትደርስበታለች። ባሕሩ ሰው የወሰደበት ቤት ከዚያ ይበላል። ሌላው አይጥልበትም። ይህን ማንም ለማንም አይናገርም፤ ማን እንደሚሄድበትም አይጠየቅም። ስንወጣ ካዩን ፊታቸውን ወደ መረባቸው ያዞራሉ። ቤቱ ሲቃና ሰውየው በገዛ እጁ ይተወዋል። እኔ ልተወው ስል አንተ ለትምህርት ሄድክ። ለወቀሳ አይደለም፤ ስሸኝህ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም ገንዘብ እልክልሻለሁ ትላለህ። እጄ እየሠራ ለምን?

አንተ ሳትነቃ ነበር የምወጣው። ስትነቃ መረብ ይዤ ታገኘኛለህ። አላየህም፤ እንዳታይ ተደርጎ ነው።

ልጆቻችሁ ታብሌታቸውን ይዘው ሲመጡ ጎረቤቱ ሁሉ በራፍ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። «እርስዎስ የት ይጥላሉ?» አለችኝ ልጅቷ። ደግ ልጅ ናት። በሰው ፊት ምን ልበላት? «መረብ እጠግናለሁ» አልኳት፤ ውሸት አይደለም። ያቺ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ፣ ባሏ ከቀረ ገና ሁለተኛ ክረምቷ ነው፣ «ቤት ነው የምውለው» አለቻት። ወንዶቹም ነጥባቸውን እዚያ አላኖሩም። የነሱ አይደለማ።

ባዶ የሆነው በዚህ ነው። ስሜን እንዳታነሣ።

እህትህ

&nbsp;

ኅዳር 15

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ አነበብኩት። እዚያ ማንበብ አልነበረብኝም። አለቃዬ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።

ከዚያ ነው የበላሁት። ይህን እጽፍና እቆማለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። ካርታው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ጥጉ ነጭ ነው። በኛ ሥራ ነጭ ማለት ማንም የለም ማለት ነው። አሁን ነጩን ባየሁ ቁጥር አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስትቀዝፊ አያለሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሌሎቹ ዳርቻዎች ይሄዳል። እዚያም ነጭ አለ። ስንት ሰው ነው በነጩ ውስጥ የተቀመጠው? ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ። እዘጋለሁ።

ማንም ሳይናገር አይሆንም። እኔ ራሴ ጣቴን አንሥቼ ነጥብ ባኖርበት፣ ነገ ባለ ኩባንያው ሁሉ ቢሯችን ውስጥ ለራሱ ወንድም ይፈልጋል። አለቃዬ ክፉ አይደለችም፤ «ሰው አምጣልኝ» ነው የምትለው። የምክክር ስብሰባው ታኅሣሥ መጨረሻ በማኅበሩ አዳራሽ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ደንብ ይሆናል፤ በእጅ ለሚቀዘፍም፣ ለመንጠቆም። አንድ ሰው ብቻ፣ እትዬ። አንቺ ካልሆንሽ ጎረቤትሽ። ስሙ አይወጣም፣ በኔ ይሁንብሽ።

ይህን ስጽፍ እጄን አያለሁ። ለዚያ ሁሉ ዓመት አመሰግናለሁ ልልሽ ነበር ወረቀቱን የሳብኩት። ይኸው ምስጋናውን ትቼ ሌላ ነገር ስጠይቅሽ ተገኘሁ።

ያንቺው

&nbsp;

ኅዳር 28

ኩታራው፣

አይሆንም። የጎረቤቴንማ ጭራሽ አታንሣው። ልጅቷ በቀን ብርሃን ቀና ብላ መሄድ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነውና? አልተቀየምኩህም። ስታለምን አባታችንን ትመስላለህ፤ እሱም የሚያፍርበትን ነገር የሚጠይቀው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ካለ በኋላ ነበር።

አሁን ጉድ ስማ።

ለጎርናናው ብቻ ጥጉ ሊዘጋ ነው አልኩት። ለምን እንደነገርኩት አልጠየቀኝም። «ሰማሁ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ልጆቻችሁ ትተውት የሄዱትን ስልክ ቁጥር ይዞ ተሰለፈ። አንዱ «ጥጉ ነው የምጥለው» ይላል። ሌላው ስልኩን ነጥቆ «እኔም!» ይላል። «እኔማ ከአባቴ ጀምሮ!» ባለ ትልቁ ሞተር ሳይቀር! የሱ ጀልባ እዚያ ቢገባ ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። «አንተ ሰውዬ፣ ጥጉን አይተኸው ታውቃለህ?» ብለው «እንዴ፣ ታሞ ተኝቶ ጠይቄዋለሁ እኮ!» አለኝ። ስስቅ መርፌው ወጋኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ወደኔ አላየም። ወደ ጎረቤቴ ደጅም አላየም። የልቤን የነካው ይኸ ነው።

እንግዲህ ቀለም ሆነላችሁ። አለቃህ ሰው አምጣ አላለችህም? ይኸው ሰው። አመስግኚልኝ እንዳትል፣ እነሱን ማመስገን አይቻልም፤ ምን አደረግን ይላሉ።

እህትህ

&nbsp;

ታኅሣሥ 9

እትዬ፣

ቀለም ሆነ። በዳርቻው ሁሉ እንደሱ የደመቀ የለም።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የዓሣ ባለሙያዎቹ አይተው ደነገጡ። «ይህን ያህል ጀልባ፣ ዓሣው በሚራባበት ውኃ ላይ? እንግዲያውስ ሳይውል ሳያድር ይዘጋ» አሉ። ባዶ ሲሆን ባዶ ነው ተብሎ ሊዘጋ ነበር፤ ሲሞላ ደግሞ ስለሞላ። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ያልፋል፤ ሰላም ይለኛል፤ ሰላም እላለሁ።

ለጎርናናው አትንገሪው። ወይም ንገሪው፣ ግን አልተቆጣም በይው። እያንዳንዷን ነጥብ እያየሁ ማን እንደሆነ ለመገመት ሞክሬያለሁ። ስለ ሰው ተብሎ እንዲህ በጅምላ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። መደምሰስ አልቻልኩም። መተውም አልቻልኩም።

በመጨረሻ ለአለቃዬ ነጥቦቹ እውነት አይደሉም አልኳት። ከየት እንዳወቅሁ አልነገርኳትም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የመጀመሪያውም ልክ አይደለም፣ ሁለተኛውም ልክ አይደለም። እውነቱ የታለ?»

«እዚያው ሰዎቹ ጋ ነው።»

«እንግዲያው ሰዎቹ አልዋሹህም። አጠያየቅህ ነው» አለች። ስብሰባውን ወደ ጥር ገፋችልኝ። ለዚህ ከላይ የመጣባትን ቁጣ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ፤ ስትወጣ ግን «ሻይ ጠጣህ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። አንዲት ነገር ጽፈሻል፤ አልፈሽው ሄደሻል፣ እኔም አልፌው ነበር። «የነሱ አይደለማ።» እትዬ፣ እኛ የት ትጥላላችሁ ብለን ነው የጠየቅነው። የት አትጥሉም ብለን አልጠየቅንም። ሰው ያለውን በሰው ፊት መናገር ያፍር ይሆናል፤ የተወውን ለመናገር ግን ምን ያሳፍረዋል? ያቺን ታብሌት የያዘችውን ልጅ መልሰን እንልካታለን። ባለ ጀልባዎቹን ብቻ፣ ለየብቻ፣ አንድ ጥያቄ፤ የት አትጥልም፣ ለምን። አንቺንም ጎረቤትሽንም የሚጠይቅ የለም። ስምሽ አይነሣም።

እኔ አልመጣም። የዳርቻው ልጅ ስለሆንኩ ስብሰባው ላይ እንድቀመጥ ደንቡ አይፈቅድም። ልክ ነው።

ያንቺው

&nbsp;

ጥር 14

ወንድሜ፣

ጎርናናው ቀድሞኝ ከጻፈልህ ግማሹን ቀንስለት።

መጀመሪያ ልጅቷ መጣች። በየጀልባው ሥር እየሄደች አንድ በአንድ ጠየቀች። ባለ ትልቁ ሞተር «ባለፈው በስልክ ተናግሬያለሁ፣ ሰውን አታድክሚ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት አሉ። «የሚጥሉበትን አይደለም አባባ፣ የማይጥሉበትን ነው» ስትለው ዞረ።

«እሱማ ጥጉ ነው።»

«ለምን አይጥሉበትም?»

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«አንቺ ልጅ፣ የኔ አይደለም አልኩሽ እኮ!»

እንግዲህ ስብሰባው። አለቃህ አጭር ናት፤ እኔ ረጅም አድርጌ ነበር የሳልኳት። የስልኩን ነጥቦች አውጥተው ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ጥጉ እንደገና ነጭ ነው። ከዚያ ስም ሳትጠራ መልሱን ብቻ ማንበብ ጀመረች። «የኔ አይደለም።» ቀጠለች፤ «የኔ አይደለም።» «ለኔ አይገባም።» «እዚያ ብጥል እናቴ አታናግረኝም።» «የኔ አይደለም፣ አንድ ቀን የሚስቴ ይሆን ይሆናል፣ አያድርገው እንጂ።» ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ጎርናናው ሊስል ፈልጎ ዋጠው። የተነበበው ሁሉ ስለ አንድ ቦታ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ነጭ ነገር ያን ቀን ነጭ አልመሰለኝም።

ሰው ውለታ ሲውልልህ ታመሰግናለህ፤ እኔ ያስተማርኩህም እሱን ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አላመሰገንኩም። ማንን? ማንም ምንም አልሰጠኝም። ሳይሄዱበት ነው የኖሩት። ያልሄደ ሰው ምን ተብሎ ይመሰገናል? መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ሰላም እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ያቺ ሴትዮ ስታነብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት። እያንዳንዱን፣ በየተራው። ድምፁን ሳልሰማ እንኳ ማን እንዳለው አውቅ ነበር።

ተነሣሁ። አንተ የለመንከኝን ለማድረግ አይደለም፤ ትዝም አላልከኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልላቸው ነው የተነሣሁት። ለምን እንደማመሰግን ሳልናገር ማመስገን የሚቻል መስሎኝ ነበር። አይቻልም ለካ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ጎረቤቴ መሃል ላይ ወጥታ ሄደች።

እህትህ

&nbsp;

ጥር 26

እትዬ፣

መስመሩ ተዛወረ።

የሚከለለው ከጉብታው ድንጋይ ውጭ ያለው ጥልቁ ውኃ ነው። የዓሣ ባለሙያዎቹ ለመራቢያ እሱም ይሆናል አሉ። ጥጉ በእጅ ለሚቀዘፍ ጀልባ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከስብሰባው በኋላ ማን ምን እንዳለ ጎርናናው ጽፎልኛል፤ ግማሹን ቀንሼለታለሁ። አንዱን ግን አልቀነስኩም። ጥልቁ ውኃ የባለ ትልቁ ሞተር ዋና ቦታ ነበር። ስምምነቱ ላይ ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው። «ለሰውየው ምን እንበለው?» ብዬ አለቃዬን ጠየቅኳት። «ምን ይባላል?» አለችኝ። ቢያንስ በሌላ ውኃ ቅድሚያ እንዲሰጠው ጽፈናል።

ስሜ ተጽፎ ይሆን ብለሽ ታስቢያለሽ፤ አልተጻፈም። ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ስለ አንቺ ያለው «አንዲት ነዋሪ ምስጋና አቅርበዋል» የሚል ብቻ ነው። ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። አዳራሹን ለማየት ሞከርኩ፤ ወንበሮቹን፣ አንቺን ከኋላ። ጉልበትሽ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ። ሌላው አልመጣልኝም። ምናልባት ልክ ነው፤ ለኔ የተባለ ነገር አልነበረም።

እቅዱ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ነዋሪው፣ ባሕሩ ሰው ለወሰደበት ቤት ትቶት የኖረው ውኃ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮክራሲው ይህን ይቀበላል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሁለት ጊዜ ልሰርዘው ነበር። አለቃዬ አንብባ አንድ ቃል ሳትነካ አሳለፈችው። አዲሱ ጥያቄም በየዳርቻው ሁሉ ይጠየቃል። ትናንት ከሩቅ ዳርቻ የመጀመሪያዎቹ መልሶች ገቡ። እነሱም የማይጥሉበት አላቸው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ስመጣ አወራሻለሁ።

አመሰግናለሁ እንዴት እንደሚባል አንቺም ዘግይተሽ ነው ያወቅሽው፤ ስለዚህ ታገሺኝ። ስመጣ ሳትቀሰቅሺኝ እንዳትወጪ። እኔም ልቅዘፍ።

ጎረቤትሽ እንዴት ናት?

ያንቺው

&nbsp;

የካቲት 11

ኩታራው፣

ና። መቅዘፊያ መያዝ ረስተህ እንደሆነ ግን ሰው ሳይስቅብህ በገንዳ ተለማመድ።

እዚህ ነገሩ ተለውጧል። ድሮ ስወጣ ፊታቸውን ያዞሩልኝ ነበር። አሁን ባለ ትልቁ ሞተር ከሩቅ ይጮኻል፤ «ጥጉ እንዴት አደረ?» የመጀመሪያ ቀን አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ፊት ማዞራቸው ይናፍቀኛል። ልብስ ነበር። አሁን ሲጮኽብኝ «ደህና አደረ!» እላለሁ፤ መልመድ ነው።

ስለ ጎረቤቴ ዝም ያልኩት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ከስብሰባው ወዲህ አላናገረችኝም። በሯን አንኳኩቼ «የኔን ነው የተናገርኩት፣ ያንቺን አላልኩም» አልኳት። «አንቺ ስትነሺ ሰው ሁሉ እኔን ነው ያየው» አለችኝና ዘጋችው። እውነቷን ነው። ያንን አላሰብኩም ነበር። ሁላችሁም ጥሩ አደረግሽ ስትሉኝ እኔ የምሰማው ያን በር ነበር። ወደ ጥጉም መሄድ ተወች። ከዘጉት በላይ የዘጋሁባት እኔ ሆንኩ እያልኩ ሰነበትኩ።

ትናንት እዚያ ነበርኩ። ውኃው እንደተኛ ነው። ከኋላዬ ቀዘፋ ሰማሁ፤ አልዞርኩም፣ ልማድ ነው። ጎረቤቴ ናት፤ ጀልባዋን አምጥታ ከጀልባዬ ጋር አጋጨችው። ፊቷን አጥቁራለች።

«ለፍላፊ!» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት።

ገመዷን ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች።

«ትርፍ መንጠቆ አለሽ?»

ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ከዚያ ቀና አለችና፣ እኔን ሳይሆን ድንጋዩን እያየች፣ ዳርቻው ላይ መረብ የሚጎትተው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኻ «እግዜር ይስጥልኝ!» አለች።

እህትህ